ስልክ የአውቶሞቢል ቍልፍ ሲሆን

በቤተ ሰብ ዘንድ ቍልፍ ከብረትነቱ ይልቅ አደራነቱ ይበልጣል። የጓዳዋን ቍልፍ በመቀነትዋ ጫፍ ቋጥራ የምትውል እመቤት፥ ቋጠሮውን ፈትታ ለታላቂቱ ልጅዋ ወይም ለምራትዋ የሰጠች ቀን፥ ቅቤውንና ማሩን ብቻ ሳይሆን ቤቱን አደራ ሰጠች ይባላል። መልሳ የተቀበለችም እንደ ሆነ፥ ምክንያቱን ባትናገር እንኳ ጐረቤት ሁሉ ይተረጕመዋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንጽፍበት ያሰብነው ስለ አንድ አዲስ ዓይነት ቍልፍ ነው። ይኸውም በእጅ የማይጨበጥ፥ በመቀነት የማይቋጠር፥ በየኪሳችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ የሚያድር የአውቶሞቢል ቍልፍ ነው። ነገሩም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እየበዙ ሄደዋል። ከነዚህም መካከል፥ ባለቤቱ መኪናውን በሚረከብበት ጊዜ እንደ መታወቂያ ወረቀት ያለች አንዲት ካርድ የምትሰጠውና ቍልፉን ደግሞ በስልኩ ማኖር እንደሚችል የሚነገረው አለ። እንዲህ ያለ ቍልፍ የገባበት ቤት አባወራና እመቤት የሥራውን አኳኋን አስቀድመው ቢረዱት መልካም መስሎ ስለ ታየን፥ የምናውቀውን ያህል እንጽፋለን። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አውቶሞቢል በተፈጠረበት ዘመን ሞተሩ የሚነሣው ከፊቱ ገብቶ በእጅ በሚዞር ብረት ነበረ። በ1912 ዓ. ም. ካዲላክ ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ አወጣ፤ በ1949 ዓ. ም. ክራይስለር ቍልፍ በማዞር ብቻ ሞተሩ እንዲነሣ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን የመኪና ቍልፍ ማለት ጥርሱ የተቀረጸ ብረት ነበረና፥ ያንኑ ጥርስ አስመስሎ ያስቀረጸ ሌባ መኪናውን ይዞ ይሄድ ነበር። ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት ከ1998 ዓ. ም. ጀምሮ አዲስ የሚወጡት የቤት መኪኖች ሞተር የሚያግድ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲኖራቸው አዘዘ። በቍልፉ ራስ ውስጥ የተሸሸገችው ትንሽ ቺፕ ለመኪናው ትክክለኛ መልስ ካልሰጠችው፥ ብረቱ ቢዞርም ሞተሩ እንቢ ይላል።

ከዚህ ቀጥሎ ፋብሪካዎቹ ለባለቤቱ ምቾት አስበው፥ ቍልፉ ከኪስ ሳይወጣ በሩ እንዲከፈት አደረጉ። መኪናው «በአጠገቤ ነህን?» ብሎ በራዲዮ ሞገድ ይጠይቃል፤ ቍልፉም ከኪስ ውስጥ ሆኖ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ምቾቱ ግን ለሌባም ተረፈ። ሁለት ሌቦች ይተባበሩና፥ አንዱ አንቴና ይዞ ቍልፉ ከተሰቀለበት ከቤቱ በር አጠገብ፥ ሁለተኛው ከመኪናው አጠገብ ይቆማሉ፤ የመኪናውን ጥያቄ ወደ ቤት፥ የቍልፉንም መልስ ወደ መኪናው ያቀባብላሉ። ምሥጢሩን አልፈቱትም፤ ሥራቸው እንደ ተላላኪ ማድረስ ብቻ ነው። መኪናውም ባለቤቱ የቀረበ መስሎት ይከፈታል፥ ሞተሩም ይነሣል። በ2011 ዓ. ም. በስዊዘርላንድ አገር በዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ምሁራን፥ 8 ፋብሪካዎች የሠሩአቸውን 10 ዓይነት መኪኖች መርምረው፥ ሁሉም በዚህ ዘዴ የሚከፈቱ ሆነው እንዳገኙአቸው ጻፉ። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በስልክ የተሠራው ቍልፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ የተሻሻለው አብዛኛውን ይህንኑ ተንኰል ለመከልከል ነውና።

ስልክን ቍልፍ የማድረግ ሐሳብ በሥራ የታየው በቅርብ ዓመታት ነው። በ2017 ዓ. ም. የወጣው የቴስላ ሞዴል 3 ከስልክና ከካርድ በቀር ሌላ ቍልፍ ሳይሰጠው ለገዢው ቀረበ። የመኪናና የስልክ ፋብሪካዎች በአንድነት ያቆሙት ካር ኮኔክቲቪቲ ኮንሶርሺየም የተባለ ማኅበር ደግሞ፥ ለሁሉ የሚሆን ደንብ አውጥቶ የመጀመሪያውን በ2018፥ ሁለተኛውን በ2020፥ ሦስተኛውን በ2021 ዓ. ም. አሳተመ። በ2020 ዓ. ም. አፕል የአይፎን ስልክ የመኪና ቍልፍ እንዲሆን ማድረጉን በገለጸ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የተቀበለው ቢ ኤም ደብልዩ ነበረ።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ብዙ ሰው በስልኩ ውስጥ አንድ የምሥጢር ቍጥር ተጽፎ፥ ስልኩም ቍጥሩን ለመኪናው የሚነግረው ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ያን ቍጥር አንድ ጊዜ የሰማ ሁሉ ባለ መኪና ይሆን ነበር። ነገሩን የሚመስለው የሹም ማኅተም ነው። ሹሙ ማኅተሙን በሣጥን ቈልፎ ይይዛል እንጂ ለማንም አይሰጥም፤ የማኅተሙን መልክ ግን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ደብዳቤ የደረሰው ሰው መልኩን አይቶ የሹሙ መሆኑን ያረጋግጣል፤ መልኩን ስላወቀ ብቻ ግን ማኅተሙን ራሱን ሊያገኘው አይችልም። እንጨትና ናስ የሚቀርጽ ብልህ እጅ እውነተኛውን ማኅተም ሊያስመስለው ይችል ይሆናል፤ የስልኩ ማኅተም ግን በእጅግ ታላላቅ ቍጥሮች ሒሳብ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከመልኩ ተነሥቶ ምሥጢሩን አስልቶ ማግኘት ዛሬ ባሉት የሒሳብ መኪናዎች የሚቻል አይደለም።

ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን ባለቤትነቱን በፋብሪካው ዘንድ ካስመሰከረ በኋላ፥ ስልኩን በመኪናው ውስጥ ምልክት በተደረገበት ስፍራ ያኖረዋል። በዚያን ጊዜ ስልኩ ሁለት የተያያዙ ቍጥሮች ይወልዳል። አንደኛው ምሥጢር ነው፤ ለዚሁ ተብላ በተሠራች፥ ከሌላው የስልኩ ሥራ በተለየች ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም አይወጣም፥ ባለቤቱ ራሱም አያየውም። ሁለተኛው ለመኪናው ይሰጣል፤ መኪናውም በመዝገቡ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ወደ በሩ በቀረበ ቍጥር፥ መኪናው ከዚህ በፊት ጠይቆት የማያውቀውን አንድ አዲስ ቍጥር በዕጣ አውጥቶ ይሰጠዋል። ስልኩ በዚያ ላይ በምሥጢሩ ያትምበታል፥ መኪናውም በመዝገቡ ካለው መልክ ጋር ያስተያያል። ልክ ከሆነ በሩ ይከፈታል። ይህን ንግግር በመንገድ ቆሞ የሰማና የቀዳ ሌባ ምንም አያተርፍ፤ ትናንት ማታ የነበረውን የዘበኞች የይለፍ ቃል ይዞ ዛሬ ማታ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው።

በስልኩና በመኪናው መካከል ይህ ንግግር የሚመላለስበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የቍልፉ ደህንነትም አብዛኛውን በመንገዱ ላይ ያድራል። የመጀመሪያው ኤን ኤፍ ሲ የሚባለው ነው፤ ከአንድ ጋት በማይበልጥ ርቀት ብቻ ስለሚሠራ፥ ስልኩን ከበሩ መያዣ ወይም ምልክት ከተደረገበት ስፍራ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ካርዲቱም የምትሠራው በዚሁ ነው። አጭር በመሆኑ ሌባ በመካከል ለመግባት እጅግ ይቸግረዋል፤ ሌላም ጥቅም አለው፤ ይህን በሚያደርጉት የአይፎን ስልኮች ባትሪው አልቆ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንኳ እስከ 5 ሰዓት ድረስ በሩን ይከፍታል።

ሁለተኛው ብሉቱዝ ነው። ይህ ብዙ ሜትር ድረስ ስለሚሰማ፥ ስልኩን ከኪስ ማውጣት አያስፈልግም። ነገር ግን መኪናው ርቀቱን የሚገምተው አብዛኛውን በሞገዱ ብርታት ነውና፥ የቀድሞው የሁለቱ ሌቦች ተንኰል በዚህም ይሠራል። በ2022 ዓ. ም. ኤን ሲ ሲ ግሩፕ የተባለው ድርጅት መርማሪ፥ የቴስላ ሞዴል 3ን በር በዚሁ ዘዴ ከፍቶ ሞተሩን እንዳስነሣ አሳወቀ፤ ባለቤቶቹም መኪናው ከመነሣቱ በፊት የምሥጢር ቍጥር እንዲጠይቅ እንዲያደርጉ መከረ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያለው መኪና የያዘ አንባቢ ቢኖር፥ የዛሬን ማታ ሳያሳልፍ ቢያዘው ይሻለዋል።

ሦስተኛው አልትራ ዋይድባንድ ይባላል፤ በ2021ዱ ደንብ የገባው ይህ ነው። የዚህ ጥበብ ርቀትን በሞገድ ብርታት ሳይሆን በጊዜ መለካቱ ነው። በገደል አፋፍ ቆሞ የሚጮህ እረኛ የገደል ማሚቶ ስትዘገይበት ማዶው ሩቅ፥ ስትፈጥንበት ቅርብ መሆኑን ያውቃል። መኪናውም ለስልኩ ይጮህለትና፥ መልሱ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ ይቈጥራል። የራዲዮ ሞገድ የሚሄደው በብርሃን ፍጥነት ስለ ሆነ፥ ከሰከንድ ቢሊዮንኛው እጅ በሆነች ጊዜ 30 ሳንቲሜትር ያህል፥ ማለት ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ይጓዛል፤ እንዲህ ያለችውን ጊዜ የሚቈጥር ሰዓት በስልክ ውስጥ መግባቱ ያስደንቃል። አንቴናዎቹ በመኪናው ዙሪያና ውስጥ በየስፍራው የተተከሉ ስለ ሆኑ፥ ስልኩ በቀኝ በር ይሁን በግራ፥ በውስጥ ይሁን በውጭ ይለያል። ሌቦቹ በመካከል ቢገቡ ቃሉን ያራዝሙት ይሆናል፤ ከብርሃን ይልቅ ሊያፈጥኑት ግን አይችሉም። ማቀባበላቸው ራሱ ጊዜ ይጨምራልና፥ መኪናው «ይህ ስልክ ሩቅ ነው» ብሎ ዝም ይላል።

ከነዚህ ከሦስቱ የተለየ አራተኛ ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ ስለሚቈጥረው እንለየዋለን። ይኸውም በስልኩ ላይ ባለ መተግበሪያ፥ በኢንተርኔት በኩል በፋብሪካው ሰርቨር አድርጎ መኪናን ከሩቅ ማዘዝ ነው። ይህ መልእክት ነው እንጂ ቍልፍ አይደለም፤ መልእክተኛው በመንገድ ከቀረ በሩ አይከፈትም። በ2021 ዓ. ም. በኅዳር ወር የቴስላ ሰርቨር በተበላሸ ጊዜ፥ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባለ መኪኖች መተግበሪያው አልሠራ ብሎአቸው በመኪናቸው ደጅ ቆመው ቀርተዋል። መኪና የሚገዛ ሰው «በስልክ ይከፈታል» ሲሉት፥ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ይከፈታልን?» ብሎ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ይህ ቍልፍ ከብረቱ የሚለይበት ትልቁ ነገር ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው። ባለቤቱ ለሚስቱ ወይም ለልጁ በስልክ ግብዣ ይልካል፤ የተቀበለውም ሰው ስልክ የራሱን አዲስ ምሥጢር ይወልዳል፥ የባለቤቱም ስልክ «ይህን ፈቅጄለታለሁ» ብሎ ያትምለታል። እንግዲህ የባለቤቱ ቍልፍ አልተገለበጠም፥ ከእጁም አልወጣም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቍልፍ በየስሙ ሆነ። በ2020 ዓ. ም. ቢ ኤም ደብልዩ ባለቤቱ ለ5 ሰዎች እንዲያካፍል ፈቀደ። ፈቃዱም ልክ አለው፤ ለአንዱ በሩን መክፈት ብቻ፥ ለሌላው መክፈትና መንዳት ይሰጠዋል። ለወጣት ነጂ ደግሞ የፍጥነቱን ጣሪያ፥ የሞተሩን ጉልበትና የራዲዮኑን ድምፅ ሳይቀር መወሰን የሚቻልበት መንገድ ተዘጋጅቶአል። የራዲዮኑን ድምፅ ያሰበበት ሰው ልጅ ያሳደገ መሆን አለበት እንላለን። ይህ ሁሉ ግን በየመኪናውና በየስልኩ ዓይነት ስለሚለያይ፥ በእጅ ያለው መኪና የትኛውን እንደሚያደርግ ከሻጩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልጅ መኪና በሚፈልግበት ጊዜ በእናት በአባት ቤት የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። «አባባ፥ ቍልፉን ይስጡኝ» ይላል። አባትም ቍልፉን ከኪሱ አውጥቶ፥ ወዲያው ሳይለቅለት በእጁ እንደ ያዘ፥ «ቀስ ብለህ ንዳ፤ ሳይመሽ ተመለስ፤ እናትህን አታስጨንቃት» ብሎ በመዳፉ ያኖርለታል። ማታም ቍልፉ በጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይሰማልና፥ እናት ተነሥታ ሳትጠይቅ መግባቱን ታውቃለች። በስልክ የተላከው ፈቃድ ይህን ሁሉ ያስቀራል። አባት በቢሮው ሆኖ ጣቱን ይነካል፥ ልጁም በትምህርት ቤቱ ሆኖ ይነሣል፤ ካልተሻረም ነገም፥ ከነገ ወዲያም ፈቃዱ እንዳለ ነው። እኛ የፍጥነት ጣሪያ ማበጀቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ቍልፉ በመዳፍ ላይ ሲያርፍ የሚነገረው ቃል በስልክ ስላልተጻፈ፥ አባት ሌላ ጊዜ ፈልጎ ሊነግረው ያስፈልጋል። በማታ እራት ቢሆን ይመቻል።

ከዚህ የሚበልጥ ጭንቅ ያለበት ነገር ግን ሌላ ነው። በአገራችን ስልክ እንደ ሰዓት ወይም እንደ ጫማ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሕፃን ሲያለቅስ ይሰጠዋል፤ እንግዳ «አንድ ጊዜ ልደውልበት» ይላል፥ አይነፈግም፤ የቤት ሠራተኛዋ ወደ አገርዋ ትደውልበታለች። ስልኩ የመኪና ቍልፍ በሆነ ጊዜ ግን፥ ልግስናው ሁሉ የመኪናውን ቍልፍ እየጨመረ መስጠት ይሆናል። በብዙ ስልኮች ኤክስፕረስ ሞድ የሚባል ሥርዓት አለ፤ እርሱ ሲበራ፥ ስልኩ የጣት አሻራም የፊት መልክም ሳይጠይቅ በሩን ይከፍታል፥ ሞተሩንም ያስነሣል። ለቸኮለ ሰው ይመቻል፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ቤት ግን ማጥፋቱ ይሻላል። እንደዚሁም ሌባ በስልክ ደውሎ ምሥጢሩን ከባለቤቱ ሊያወጣ አይችልም፥ ባለቤቱ አያውቀውምና፤ ነገር ግን በማታለል ግብዣ ሊያስልክ ይችላል። ስለዚህ ግብዣው ከሚጠይቀው የማረጋገጫ ቍጥር ጋር በአንድ መልእክት መላክ አይገባም፤ ቍጥሩን በቃል መናገር ይሻላል።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ የምንኖር ሰዎች «ማን ነበር የነዳው?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል። ቍልፉ በግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት ቤት፥ መኪናው አጥር ገጭቶ ሲገኝ ወንድማማቾቹ ሁሉ «እኔ አይደለሁም» ይላሉ፤ ግድግዳው አይናገርም። አዲሱ ቍልፍ በየስሙ ስለ ሆነ፥ መኪናው የትኛው ቍልፍ እንደ ከፈተው ይለያልና፥ ክርክሩ ያበቃ ይመስላል። እኛ ግን እንዲህ በቶሎ መዝገቡን አንዘጋም። ቍልፉ የሚመሰክረው ስለ ስልኩ ነው፤ ስልኩን በእጁ ስለ ያዘው ሰው አይመሰክርም። የወንድሙን ስልክ አንሥቶ የወጣ ታናሽ ወንድም፥ በታላቁ ስም ነድቶ በታላቁ ስም ይገባል። በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢነሣ፥ በስልኩ ላይ የታየውን ስም ብቻ አይቶ ልጅን መቅጣት ፍርድ አይሆንም፤ ስልኩ በዚያ ሰዓት በማን እጅ ነበር የሚለው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ፈቃዱን መሻር ቀላል ነው ይላሉ፤ ባለቤቱ በስልኩ ላይ ስሙን ያጠፋል። ይሁን እንጂ የተሻረ ሹም የሽረቱ ደብዳቤ እስኪደርስ በወንበሩ ላይ እንደሚቆይ ሁሉ፥ መኪናው የመረብ ግንኙነት በሌለበት ስፍራ፥ በምድር ቤት ጋራዥ ወይም በሩቅ አገር መንገድ ያለ እንደ ሆነ፥ ትእዛዙ ሊዘገይበት ይችላል። ነገሩ የሚያስቸኵል ሲሆን ወደ መኪናው ሄዶ በራሱ በመኪናው መዝገብ ላይ ማጥፋት የበለጠ ይታመናል። ስልኩ ራሱ የጠፋ እንደ ሆነም፥ በሌላ ስልክ ገብቶ የጠፋውን ማገድ ይቻላልና፥ የሚገባበትን የይለፍ ቃል አባወራው ብቻ ሳይሆን እመቤቲቱም ትወቀው።

መኪና በሚሸጥበት ጊዜ በሽያጩ ውል ላይ «ከ2 ቍልፍ ጋር ተረከብሁ» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። ይህ ቃል ለብረት ቍልፍ በቂ ነበረ። አሁን ግን ሻጩ ሁለቱንም ካርዶች አስረክቦ ስልኩን በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ ወንድሙም፥ ነጂው የነበረውም ሰው እንዲሁ። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ከሻጩ ጋር በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ፥ በመዝገቡ ላይ ያሉትን ቍልፎች ሁሉ አንድ ባንድ ሲያጠፋ ይይ፤ የሻጩም ስም ከፋብሪካው መዝገብ እንዲወጣ ያድርግ፤ በውሉም ላይ «በስልክ የተሰጡት ቍልፎች ሁሉ ተሰርዘዋል» የሚል ቃል ያስጽፍ።

የቀረችው ካርዲቱ ናት። ስልክ ይወድቃል፥ ይሰበራል፥ ባትሪውም ያልቃል፤ ካርዲቱ ግን ባትሪ የላትምና በማናቸውም ጊዜ ትሠራለች። በመኪናው ውስጥ ረስቶ መውረድ አይገባም። በብዙ ቤት እንዳየነው ከስልኩ ጀርባ ከሽፋኑ ሥር መሸጐጥም መልካም አይደለም፤ ስልኩ የጠፋ ቀን ካርዲቱም አብራ ትጠፋለችና። እመቤቲቱ የጓዳዋን ቍልፍ በምታኖርበት ስፍራ ብታኖራት ይበቃል።